ከገደል ወድቆ የተነሣው ተዋጊ፦ የጨዋታው ሕግ የዓለሙም ሕግ ነው ወይ?

የሂርማታ ነጋዴ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጅማ አምስት ሆነን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ እንጫወታለን፤ አራቱ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፣ ታሪኩንና ዳኝነቱን የምመራው ደግሞ እኔ ነኝ። የምንከተለው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ሕግ ሲሆን፣ ዓለሙን ግን የፈጠርነው ራሳችን ነን። የድሮውን የጊቤ ሲራራ ንግድ መሠረት ስላደረግን፣ ቡናና ዝባድ የጫኑ ነጋዴዎች በየኬላው ቀረጥ እየከፈሉ ወደ ገበያ የሚወርዱበት አገር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የአንዱ ተጫዋች ተዋጊ ቀረጥ ላለመክፈል በሌሊት በገደሉ አፋፍ ሊያልፍ ሲል እግሩ ከዳውና 60 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደቀ። ሕጉ ለየ10 ጫማው፣ ማለትም ለየ3 ሜትሩ፣ አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ጣሉ፣ ከ20 ግን አትለፉ ይላል። ሃያውንም ጣልን፤ ድምሩ 68 መጣ። ተዋጊው 94 የሕይወት ነጥብ፣ ማለትም ጉዳት ሲደርስበት የሚቀነስ ቁጥር፣ ስለነበረው 26 ተረፈውና አቧራውን አራግፎ ተነሣ። ያ ዓለም ጀግና ከገደል ወድቆ የማይሞትበት ዓለም ነው ማለት ነው? እንዲያ ከሆነ የኬላው ጠባቂዎች ገደሉን እንደ አጥር የተማመኑት ለምንድን ነው? ወይስ ሕጉ ጠረጴዛውን ከብበን ለተቀመጥነው ብቻ የተጻፈ ነው?

የቦዬ ወፍ

ጥያቄዎ ከጨዋታው ዕድሜ ይበልጣል። በፕሩሲያ ራይስቪትስ የተባለ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው የጦር ጨዋታ የእያንዳንዱ ተኩስ ውጤት በዳይስና በሠንጠረዥ ይወሰን ነበር፤ ሠንጠረዡም የተሰላው በእውነተኛው የጦር ሜዳ የሚደርሰውን ጉዳት እንዲመስል ተደርጎ ነው። እዚያ ላይ ሕጉ ዓለሙን ሊቀዳ ሞክሯል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1876 ግን ፌርዲ ዱ ቬርኖዋ የተባለ ሌላ መኮንን ሠንጠረዡን ወደ ጎን ትቶ፣ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ፍርድ ይወስን የሚል ሐሳብ አቀረበ። እኛም እስከ ዛሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል እንወዛወዛለን።

የሕይወት ነጥብማ መነሻው የሰው አካል እንኳ አይደለም። ከዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ሁለት ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ያመጣው ከመርከብ ጦርነት ጨዋታ ነው፤ መርከብ ብዙ ጥይት ተቀብሎ ቀስ በቀስ ይሰምጣልና። ተጫዋቾቹ የወደዱት ገጸ ባሕርይ በአንድ ምት ሲሞትባቸው ቅር ስላላቸው የመርከቡ ሒሳብ ወደ ሰው ተዛወረ። ሁለተኛው ፈጣሪ ጋሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ለጨዋታ መሪዎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነጥቡ የሥጋን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የፍልሚያ ብልሃትን፣ ዕድልንና ከሰው በላይ የሆነ ጥበቃን ጭምር እንደሚወክል አብራርቷል። ይህ ማብራሪያ ለሰይፍ ፍልሚያ ጥሩ ነው፤ ሰይፉ ሳይነካው አለፈ፣ ሰውየው ግን ደከመ ይባላል። ለገደል ግን ብቻውን አይበቃም፤ በመውደቅ ውስጥ ብልሃት የለምና። ዕድሉን በዓይን የሚታይ ማድረግ የእርስዎ ሥራ ይሆናል፦ ሐረግ ያዘው፣ ቁጥቋጦ አዘገየው፣ ወይም ረግረግ ላይ አረፈ።

ስኒ ቆጣሪ

እንጀራዬ ከቡና ቅምሻ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነገሩን በዚያው ዓይን አየዋለሁ። «ጅማ 5» የሚባለው ደረጃ ከጥሬው ቡና ጉድለትና ከስኒው ውጤት ተደምሮ የሚወጣ ሲሆን፣ ገዢና ሻጭ ሳይጨቃጨቁ ዋጋ እንዲቆርጡ ይረዳል። በጎማ ወረዳ ፍሬውን የለቀመው ገበሬ ግን ቡናውን የሚያውቀው በጥላው ዛፍ፣ በዝናቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ በደረቀበት ቀን ብዛት ነው። ቁጥሩ ስለ ቡናው ይናገራል እንጂ ቡናው ውስጥ የለም።

ስለዚህ አንድ ሕግ የዓለሙ አካል መሆኑን ለመለየት የምጠይቀው ገጸ ባሕርዩ ራሱ ሊያውቀው ይችላል ወይ ብዬ ነው። በቀደሙት እትሞች አስማተኛው ድግምቱን ከመጽሐፉ ያጠናል፤ አንዴ ከተጠቀመበት ደግሞ ዳግመኛ እስኪያጠናው ድረስ ከአእምሮው ይጠፋል። ይህን አስማተኛው ያውቀዋል፣ ለደቀ መዝሙሩም ያስተምረዋል፤ ጠላቱም ድግምቱን እስኪጨርስ አድፍጦ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው ሕግ በዓለሙ ውስጥ ይኖራል። 94 ነጥብን ግን ከዚያ አገር ሰው ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

ማረሚያ

በስኒ ቆጣሪ መለኪያ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ገጸ ባሕርዩ ነጥቡን ባያውቅም ተጫዋቹ ያውቀዋል፤ ውሳኔውን የሚወስነውም ተጫዋቹ ነው። 20 ዳይስ በአማካይ 70 እንደሚሰጥ፣ የራሱም ነጥብ 94 እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ተዋጊውን በሌሊት በገደል አፋፍ ሲያስኬድ እጁ አይንቀጠቀጥም። በዚህ መንገድ ቁጥሩ ሾልኮ ዓለሙ ውስጥ ይገባል፤ ማንም ባያስበውም ገደል የማይፈሩ ጀግኖች ያሉበት አገር ይፈጠራል።

ይህን አልፈልግም ካሉ ሕጉን መለወጥ ይችላሉ፤ የሚለውጡት ግን ከውድቀቱ በፊት እንጂ በኋላ መሆን የለበትም። ተጫዋቹ አፋፉን የመረጠው በታወቀ ሕግ ተማምኖ ነው። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ «60 ሜትር ወድቆ የተረፈ የለም» ብሎ መግደል ዳኛ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ፍጹም ቅጣት ምት እንደ መስጠት ይቆጠራል።

የሂርማታ ነጋዴ (ጠያቂ)

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ተዋጊው ይኖራል፤ 68ቱን ነጥብ ግን ከገደሉ ወገብ ላይ የበቀለ የሾላ ዛፍ ይቀበልልናል፣ ጠባቂዎቹም ሲነጋ የተሰበረውን ቅርንጫፍ ያያሉ። ከ30 ሜትር በላይ ለሚሆን ውድቀት ከዳይሱ ሌላ የሞት ዕጣ እንዲኖር ሐሳቤን ለአራቱም ተጫዋቾች ላክሁ፤ ሦስቱ ተስማሙ። አራተኛው፣ የተዋጊው ባለቤት፣ ከመስማማቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ ጠባቂዎቹ ቅርንጫፉን ካዩ በኋላ ገደሉን እንደ ድሮው ይተማመኑበታል ወይስ አፋፉ ላይ ሰው ያቆማሉ? እስከ ቅዳሜ እመልስለታለሁ ብዬዋለሁ።