ክርክር፦ ነፍሰ ጡር ሁሉ የልብ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይታዘዝላት?

ጥያቄውን ያነሳችው እናት፦
ሁለተኛ ልጄን እርጉዝ ሳለሁ ሰባተኛው ወር ላይ በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ። ሦስት ትራስ ደራርቤ፣ ግድግዳ ተደግፌ ነበር የማድረው። ክትትል በሄድኩ ቁጥር «የእርግዝና ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» ተባልኩ። በወለድኩ በማግስቱ ትንፋሽ አጠረኝ። ያኔ ነው ኤኮ የተነሳሁት። ለካ በልጅነቴ የያዘኝ ሩማቲክ፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ልብን የሚጎዳው በሽታ፣ የልቤን ቫልቭ (ደም የሚያልፍበትን በር) አጥብቦታል። የደምና የሽንት ምርመራ ለሁሉም ይታዘዛል። ኤኮስ ለምን አይታዘዝም?

አዋላጅ ነርስ፦
እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። «ለሁሉም» በሚለው ግን አልስማማም። እኔ ያለሁበት ጤና ጣቢያ ኤኮ የለም። ማሽኑ ቢመጣ እንኳ የሚያነበው ባለሙያ ከየት ይመጣል? ሁሉንም ሪፈር ካልን፣ በእውነት የታመመችው ከጤነኞቹ ኋላ ትሰለፋለች።

እናት፦
ታዲያ የታመመችው በምን ትለያለች ሲስተር? እኔን ማን ለየኝ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ቫልቩ ከጠበበ ያ ሁሉ ደም አያልፍም፣ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ስትወልድ ደግሞ ማህፀን ሲኮማተር የያዘውን ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይልከዋል። ለዚህ ነው በማግስቱ የጠናብሽ። የእግር ማበጥ ብዙ ጤነኛ ነፍሰ ጡር ላይም ይታያል። ጋደም ሲሉ መታፈን፣ ሌሊት አየር አጥሮ መባነን ግን «የእርግዝና ነው» ተብሎ አይታለፍም።
ኡጋንዳ ውስጥ ከ3,500 በላይ ነፍሰ ጡሮች በኤኮ ታይተው ነበር። ከ100ው ወደ 2 የሚጠጉት የልብ ሕመም ተገኘባቸው፣ አብዛኛው ሩማቲክ። ከነዚህ ቀድማ የምታውቅ የለችም ማለት ይቻላል። እዚያው አገር ነርሶች ሠልጥነው በእጅ በሚያዝ ትንሽ ማሽን ተማሪዎችን መርምረዋል። ስለዚህ ሲስተር፣ «ባለሙያ የለም» የሚለው መፍትሔ አለው።

አዋላጅ ነርስ፦
እሺ ዶክተር፣ ተገኘ እንበል። ከዚያስ? ሩማቲኩ እንዳያገረሽ በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ ሳይቋረጥ ማግኘት ለገጠር ሴት ቀላል አይደለም። የጠበበ ቫልቭ የሚከፈትበት ሆስፒታል በጣት ይቆጠራል። «ልበ በሽተኛ» ተብላ ትዳሯ የፈረሰ አይቻለሁ። ሕክምናው ሳይዘጋጅ ስሙን ብቻ ሰጥቶ መላክ ይከብደኛል።

እናት፦
እኔ ባውቅ ኖሮ ቢያንስ የት እንደምወልድ እመርጥ ነበር። ውኃውን ከሳንባዬ የሚያወጣውን ክኒን ቀድሜ እጀምር ነበር። አለማወቄ ምን ጠቀመኝ?

አንድ አባት፦
ሁላችሁም ስለ እርግዝናው ነው የምታወሩት። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ምንም አላላትም። በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ሌሊት ሌሊት ያስላታል። ቤተሰቡ «አራስ ናት፣ ብርድ መቷት ነው» አለ። በር ዘጋን፣ ገንፎ ሠራን፣ አጥሚት አጠጣን። ሐኪም ቤት ስንደርስ የልቧ ጡንቻ ደክሟል ተባልን። በእርግዝናዋ አራተኛ ወር ኤኮ ብትነሳ ምን ይታይ ነበር?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ምናልባት ምንም። ያ ሕመም ከእርግዝናው የመጨረሻ ወር ጀምሮ ከወለዱ በኋላ እስከ 5 ወር ድረስ የሚመጣ ነው። አንድ ጊዜ የተነሳ ኤኮ እሱን አይዘውም። ይህን አልክድም። ብዙዎቹ በጊዜ ከታከሙ ልባቸው ያገግማል፤ እንደገና ማርገዝ ግን ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ አደጋ አለው።

አዋላጅ ነርስ፦
ይሄ አሳምኖኛል። ከነገ ጀምሮ ነፍሰ ጡሯንም፣ ልጇን ልታስከትብ የመጣችውንም «ስንት ትራስ ላይ ነው የምትተኚው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ገንዘብ አያስወጣም። ኤኮ ለሁሉም በሚለው ግን አሁንም እዚያው ነኝ።

እናት፦
ተባረኪ። ግን «ሦስት» ካለችሽ፣ የት ነው የምትልኪያት?