"ስድስት ወር ይበቃዋል" ተባለ፦ የመኪና ባለሙያው ወደ ኤሌክትሪክ ይዙር?

ናፍጣ በደሜ፦
ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንድ እንግዳ ሲያወራ ሰማሁ። የቤንዚንና የናፍጣ ሙያ አብቅቶለታል አለ። መካኒኩም ኢንጂነሩም ቶሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይዙር፣ ስድስት ወር ሥልጠና ይበቃዋል አለ። ስድስት ወር! እኔ የናፍጣ ፖምፓ ማስተካከል ለመልመድ ስንት ዓመት አለቃዬ ስር ጎንበስ ቀና ብያለሁ። ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እጁን ግራሶ ነክቶት ያውቃል? መንገድ ላይ ውጡና እዩ እስቲ። ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው፣ ዶልፊን ሚኒባሱ ምን የሚጠጣ ይመስላችኋል? እነሱን ማን ሊሠራቸው ነው?

ባትሪው፦
ጋሼ፣ ሰውየው ስለ ሲኖትራክ ያወራ አይመስለኝም። ከጥር 2016 ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ዓለም ላይ እንደዚህ ያደረገ የመጀመሪያው አገር እኛው ነን። እና ዛሬ የሚመረቅ ልጅ ካንዴላ መቀየር ላይ እንጀራውን ይመሥርት ነው የሚሉት? ያለው መኪና እያረጀ ያልቃል። በቦታው የሚተካው ኤሌክትሪክ ነው።

ቪትዝ ለዘላለም፦
ያልቃል ይላል እንዴ! አዲስ አበባ ውስጥ መኪና አልቆ ያውቃል? ላዳን ያየ ሰው እንዲህ አይናገርም። በ2012 የኤክሳይዝ አዋጁ መጣ፣ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ተጣለ። ታዲያ ቪትዝ ጠፋች? ዋጋዋ ነው ሰማይ የወጣው። አዲስ አይገባም በተባለ ቁጥር አሮጌው እስኪበሰብስ ይጠገናል። መካኒክ የሚከብረው ገና አሁን ነው።

ናፍጣ በደሜ፦
ተባረክ።

ትዕግስት ከወርክሾፕ፦
እኔ አውቶሞቲቭ አስተምራለሁ። ስድስት ወሩ ለምን ሥራ እንደሆነ ሳይነገር መጨቃጨቃችን ገርሞኛል። ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ ኤሌክትሪክ መኪናም ላይ አለ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ እንዲያውም ጎማ ቶሎ ይበላል። የፍሬን ሸራው ግን ብዙ አይነካም፣ ምክንያቱም እግር ከነዳጁ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ስለዚህ ፍሬኑ በብዛት የሚበላሸው ሥራ ፈትቶ በዝገት ነው። ይሄን ለማወቅ ለአንድ ጎበዝ መካኒክ ስድስት ወርም ብዙ ነው። ጣጣው ያለው ከትልቁ ባትሪ ኃይል የሚያመላልሰው ብርቱካናማው ገመድ ላይ ነው። ብዙዎቹ ላይ 400 ቮልት አካባቢ ያልፍበታል፣ ከዚያ በላይ የሆነም አለ። እዚያ ጋ ሞክሮ ማየት የለም። እኛ አገር ደግሞ መካኒክ የሚወጣው ሞክሮ በማየት ነው።

ናፍጣ በደሜ፦
እህቴ፣ "ሞክሮ ማየት" ስትይ ንቀት አለበት። ስካነር የሚባል ነገር አገር ውስጥ ሳይገባ እኮ በድምፅ ብቻ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ እንለይ ነበር።

ባትሪው፦
እሱ ጥበብ ነው ጋሼ፣ ማንም አልካደም። 400 ቮልት ግን ድምፅ የለውም። እኛ ጋ ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ የባትሪው መቁረጫ ይነቀላል። ከዚያ ኢንቨርተሩ ውስጥ፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ በሚቀይረው ክፍል ውስጥ፣ የቀረው ኃይል እስኪወርድ ይጠበቃል። ከዚያ ለ1000 ቮልት የተሠራ ጓንት ተደርጎ በሜትር ይለካል። ዜሮ መሆኑ ሳይታይ ብሎን አይነካም። "ቆይ እስቲ ልንካው" ያለ ሰው ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ናፍጣ በደሜ፦
ጓንት አድርገህ ሜትር ለመያዝ ነው እንግዲህ ስድስት ወር የምትማረው?

ትዕግስት ከወርክሾፕ፦
አላናቅሁም ጋሼ። እኔ ራሴ የማስተምርበት ቦታ ልጆቹን በተቆረጠ የኮሮላ ሞተር ነው የማስተምረው። ኤሌክትሪክ መኪና በስላይድ ነው የሚያዩት። ስድስት ወር ስላይድ ቢያዩ ምን ይሆናሉ?

የሚሽጋኑ፦
እኔ የምኖረው ዲትሮይት አጠገብ ነው። ረጅም ዘመን አንድ ትልቅ መኪና አምራች ጋ ሞተርና ካምቢዮ ላይ ሠርቻለሁ። ያኔም ይሄው ዘፈን ነበር፣ ሙያችሁ አርጅቷል፣ ዙሩ። እኔም ዞርኩ፣ ያለ ሹፌር የሚነዳ መኪና የሚሠራ ድርጅት ገባሁ። ከከበቡኝ ልጆች አብዛኞቹ ኮድ ጸሐፊ ናቸው፣ በጣም ጎበዞች። ግን መሪው ላይ ያለው ሞተር መንገድ መሃል ቀጥ ቢል መኪናው ምን ያደርጋል ብዬ ስጠይቅ እርስ በርስ ይተያያሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ እኮ አይኤስኦ 26262 የሚባል መመዘኛ አለ፣ የቀድሞ ሥራዬ ላይ ጠዋት ማታ ከሱ ጋር ነበር የምንታገለው። አሮጌ የተባለው ሙያዬ ነበር እዚያ የፈለጉት። ከዚያ ድርጅቱ ተዘጋ፣ እኔም ወደ ድሮ ሥራዬ ተመለስኩ። የኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያለ ሹፌር መኪና ላይ ይሠራ የነበረው አርጎ ኤአይ ፎርድና ቮልስዋገን ገንዘብ አፍስሰውበት እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘጋ። ጄኔራል ሞተርስ ክሩዝ በሚባለው ድርጅቱ ላይ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካወጣ በኋላ በ2024 መጨረሻ የሮቦት ታክሲውን ነገር ተወው። አፕልም በዚያው ዓመት የመኪና ዕቅዱን ሰረዘ። ዌይሞ የሚባለው ግን ይኸው ፊኒክስና ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሹፌሩን ወንበር ባዶ አድርጎ ሰው ይጭናል። ስለዚህ ዙሩ ስትሉ ወዴት እንደሆነ ጨምሩበት።

ቪትዝ ለዘላለም፦
ባዶ ወንበር! መገናኛ ይምጣና እንየው። ወያላውስ ሮቦት ነው? "ወራጅ አለ" ስንለው በምን ቋንቋ ነው የሚሰማው?

ሶማሌ ተራ፦
አትሳቅ። ወንድሜ ዲሲ ታክሲ ይነዳል። ዌይሞ እዚያም እገባለሁ ብሏል። ለሱ ቀልድ አይደለም።

ባትሪው፦
የሚሽጋኑ፣ ሁለት ነገር አቀላቀልክ። እኛ የምናወራው ስለ ኤሌክትሪክ ነው፣ አንተ ያመጣኸው ያለ ሹፌር የሚነዳውን ነው። ክሩዝ ተዘጋ ማለት ኤሌክትሪክ መኪና የሚሠራው የቻይናው ቢዋይዲ ተዘጋ ማለት አይደለም።

የሚሽጋኑ፦
ሰውየው "ኢንጂነሩም" ብሏል አይደል? እኔ ለኢንጂነሩ ነው የምመልሰው። ኤሌክትሪኩም ጋ ቢሆን ከአምራቾቹ ሎርድስታውን በ2023፣ ፊስከር በ2024፣ ካኑ በ2025 ኪሳራ አውጀዋል። ስዊድን ውስጥ ባትሪ የሚሠራው ኖርዝቮልት እንኳ በ2025 ከሰረ።

ናፍጣ በደሜ፦
አያችሁ!

የሚሽጋኑ፦
ለእርስዎ አልፈረድኩም ጋሼ። የከሰሩት ድርጅቶቹ ናቸው። ሙያው አልከሰረም።

ሶማሌ ተራ፦
አንተማ ድርጅቱ ሲዘጋ ወደ ድሮ ሥራህ ተመለስክ፣ ደሞዝህም ዶላር ነው። ጎፋ ጋራዡን ዘግቶ ባትሪ ልማር ያለ ሰው ሳይሳካለት ቢቀር ወዴት ይመለሳል? ከሩቅ ሆኖ ምክር ቀላል ነው። እኔ ደግሞ በዕቃ በኩል ልናገር። የቪትዝ ራዲያተር በሉኝ፣ አሁን ላውጣ። የአይዲ ሲክስ በሉኝ እስቲ! ቮልስዋገን ያንን መኪና የሠራው ለቻይና ገበያ ነው። እዚህ ግን መንገዱን ሞልቶታል። ስክሪኑ ቻይንኛ፣ ዕቃው ቻይና፣ ደንበኛው እኔ ላይ ይጮሃል። ሬዲዮው ስድስት ወር ያለው ዕቃው የሚመጣበትን ቀን ይሆናል።

ቪትዝ ለዘላለም፦
ሃሃሃ ይሄ ነው ትክክለኛው ስድስት ወር።

ባትሪው፦
የዕቃው ነገር እውነት ነው። ግን እኮ ለዚህ ነው ሰው የሚያስፈልገው! ሙሉ ባትሪ ማስመጣት ካልተቻለ ከፍቶ የደከመውን ሴል ለይቶ የሚቀይር ባለሙያ ይፈለጋል። ሌላ ቦታ "ቀይረው" የሚባለውን እኛ መጠገን አለብን። ጋሼ የለመዱት ሥራ እኮ ይሄው ነው፣ መለዋወጫ ሳይኖር መላ መፍጠር።

ናፍጣ በደሜ፦
ቅድም ሞክሮ ማየት ገዳይ ነው አላችሁ። አሁን መላ ፍጠር ትሉኛላችሁ። አንዱን ያዙ።

ትዕግስት ከወርክሾፕ፦
እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው።

ባትሪው፦
ትዕግስት አንቺም?

ቪትዝ ለዘላለም፦
መብራት ሲሄድስ? ማንም አላነሳትም እኮ።

ባትሪው፦
ትመጣለች ብዬ ነበር። ህዳሴ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ነው። ነዳጁን ግን በየዓመቱ በቢሊዮን ዶላር ከውጭ እንገዛለን። የትኛው ነው የራሳችን?

ቪትዝ ለዘላለም፦
ሜጋዋቱ እኛ ሰፈር ያለው ትራንስፎርመር ጋ አልደረሰም። ሲደርስ ንገረኝ።

የሚሽጋኑ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠም ኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡ ዜሮ ነው፣ ተገጣጥሞ ያለቀው ነው 15 ፐርሰንት። ስለዚህ የኢንጂነሩ ሥራ ያለው ገጣጠማው ውስጥ ነው።

ናፍጣ በደሜ፦
ገጣጠማ ኢንጂነሪንግ ነው? ብሎን ማጥበቅ ነው። ሆላንድ ካርም ገጣጥሞ ነበር፣ የት ደረሰ?

የሚሽጋኑ፦
ማራቶን ሞተርም በእኛ አቆጣጠር በ2012 የሃዩንዳይን ኤሌክትሪክ መኪና አዮኒክን ገጣጥሟል። ያኔ ስለ ክልከላ ማንም አላወራም ነበር። ከብሎን ማጥበቅ ነው የሚጀመረው፣ ቻይናም የጀመረችው ከዚያ ነው።

ባትሪው፦
ከገጣጠማ ይልቅ ጥገና ነው ብዙ ሰው የሚቀጥረው። መኪናው ገብቷል፣ ብዙው ግን ዋስትና የሚሰጥ ወኪል የለውም። ባለቤቱ ሲበላሽበት የትም ይሂድ የት፣ መጨረሻው የሰፈር ጋራዥ ነው። ዞሮ ዞሮ ጋሼ፣ እርስዎ በር ላይ መቆሙ አይቀርም።

ናፍጣ በደሜ፦
ቆሞም ያውቃል። ባለፈው አንዱ አምጥቶ "አልነሳ አለኝ" ብሎኝ መልሼዋለሁ።

ባትሪው፦
ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ አይተዋት ነበር? ኤሌክትሪክ መኪናም እኮ እሷ አለችበት። ስትሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነሳም። ይሄ ስድስት ወር አይፈልግም፣ ስድስት ደቂቃ ነው።

ናፍጣ በደሜ፦
አንተ ልጅ አሁን ልታስተምረኝ ነው?

ሶማሌ ተራ፦
ተረጋጉ። እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። አንድ ሰው ከተጋጨ መኪና የወጣ ትልቅ ባትሪ ይዞ ሱቅ መጥቷል። በርካሽ ነው የሚለው። ልቀበለው?

ባትሪው፦
እንዳትቀበል! ተጋጭቶ ከሆነ ውስጡ ተጎድቶ ይሆናል። ዛሬ ደህና መስሎ ከቀናት በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። ከሱቅ አርቀህ ሜዳ ላይ ይቀመጥ።

ሶማሌ ተራ፦
ሶማሌ ተራ ሜዳ የት አለ? ዋጋውን ብቻ ንገሩኝ።

ባትሪው፦
ዋጋ የለውም እያልኩህ ነው!

ሶማሌ ተራ፦
ጎረቤቴ ካየው አሁኑኑ ይገዛዋል።

ናፍጣ በደሜ፦
ስልክህን በውስጥ ላክልኝ። ነገ መጥቼ አየዋለሁ።

ትዕግስት ከወርክሾፕ፦
ጋሼ እባክዎን፣ ያለ ጓንት እንዳይነኩት።

ናፍጣ በደሜ፦
ማየት አልኩ እንጂ መንካት መች አልኩ።