የደም ዓይነታችን አንድ ከሆነ ለምን እንደገና ይመረመራል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በደም ማነስ ምክንያት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሐኪሟ ደም እንዲሰጣት አዘዙ። የሁለታችንም የደም ዓይነት ኤ ፖዘቲቭ ስለሆነ «ከእኔ ወስዳችሁ ስጧት» ብዬ ብለምንም አልተፈቀደልኝም። ከደም ባንክ የመጣውም ደም ቢሆን ላቦራቶሪው ከእርሷ ናሙና ጋር እስኪያመሳክረው ድረስ ብዙ ጠበቅን፤ በመጨረሻም የተሰጣት ሙሉ ደም ሳይሆን ቀይ የደም ሕዋስ ብቻ ነው። ዓይነቱ አንድ ከሆነ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? እናቴ አሁን ተሽሏታል፤ የምጠይቀው ለማወቅ ያህል ነው።

መልስ፦ ከላቦራቶሪ ባለሙያ

እንኳን ተሻላቸው። «ኤ ፖዘቲቭ» የሚለው ስያሜ የሚነግረን ስለ ሁለት ሥርዓቶች ብቻ ነው፤ አንደኛው ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳወቀው የኤቢኦ ክፍፍል (ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ የሚያሰኘው)፣ ሁለተኛው በ1940 ይፋ የሆነው አርኤች (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚያሰኘው) ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ግን ኬል፣ ዳፊና ኪድ የተባሉትን ጨምሮ ሌሎች ብዙ አንቲጂኖች፣ ማለትም የሌላው ሰው ሰውነት ባዕድ ብሎ ሊለያቸው የሚችሉ ምልክቶች፣ አሉ። ቀደም ሲል ደም የወሰደ ወይም የወለደ ሰው (እናትዎ እርስዎን መውለዳቸው ብቻ ይበቃል) ከእነዚህ በአንዱ ላይ ፀረ እንግዳ አካል (ባዕድ ነገርን የሚያጠቃ የሰውነት መከላከያ) አዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል። ክሮስማች የምንለው ምርመራ የታካሚውን ፕላዝማ ወይም ሴረም (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ከለጋሹ ቀይ ሕዋሳት ጋር አደባልቆ የሚያይ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ እንደ ፍርፋሪ ከተጓጎሉ ወይም ከፈረሱ ያ ከረጢት ለዚያ ታካሚ አይሰጥም።

በቀጥታ ከእርስዎ ያልተወሰደበት ምክንያት ሌላ ነው። ማንኛውም ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ መመርመር አለበት፤ ዝምድና ከዚህ አያድንም። እንዲያውም የልጅ ደም ለእናት ሲሰጥ፣ የለጋሹ ነጭ የደም ሕዋሳት በተቀባዩ አካል ውስጥ ተደላድለው ሊያጠቁት የሚችሉበት፣ እምብዛም የማያጋጥም ነገር ግን ሲከሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል ችግር አለ። ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65 ዓመት ከሆነና ክብደትዎ ከ45 ኪሎ ካላነሰ ወደ ደም ባንክ ሄደው ለማንም ይለግሱ፤ በየሦስት ወሩ መመለስም ይችላሉ።

መልስ፦ ከነርስ

ስለ መከፋፈሉ እኔ ልጨምር። ቀይ ሕዋስ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሳምንታት ይቆያል፤ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው የደም ክፍል) ከ20 እስከ 24 ዲግሪ እየተወዘወዘ ለቀናት ብቻ ነው የሚቆየው፤ ፕላዝማ ደግሞ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ልገሳ ደም ላነሰው፣ ፕላትሌቱ ወርዶ ለሚደማውና ደሙ አልረጋ ላለው ሰው ሊዳረስ ይችላል። ለእናትዎ ፕላዝማውን መጨመር ያለ ጥቅም ልባቸው ላይ ፈሳሽ መጫን ይሆን ነበር።

ከላቦራቶሪው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አልጋው አጠገብ ያለው ሥራ ነው፤ የከፋው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የአንዱ ደም ለሌላው በስሕተት ሲሰቀል ነውና። ስም፣ የካርድ ቁጥርና የከረጢቱ ቁጥር በሁለት ባለሙያ ይመሳከራል፤ ነርሷ «ስምዎ ማን ነው?» እያለች ደጋግማ ብትጠይቅ አትቆጡ። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ደሙ በዝግታ ይሰጣል። ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ የወገብ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ወዲያው ይነገር፤ ደሙ ይቆማል። አንድ ከረጢት ከአራት ሰዓት በላይ አይሰቀልም፤ በዚያው መስመር ግሉኮስም ሆነ መድኃኒት አይጨመርም። አስታማሚዎች «ቀዝቅዟል» ብለው ከረጢቱን በጋቢ ጠቅልለው ለማሞቅ ይሞክራሉ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ነፍሰ ጡር የሆነችው ባለቤቴ ኦ ኔጌቲቭ ናት። ኦ ለሁሉም ይሰጣል ሲባል እሰማለሁ፤ እርሷስ ደም ቢያስፈልጋት?

መልስ፦ ከላቦራቶሪ ባለሙያ

ኦ ኔጌቲቭ በድንገተኛ ጊዜ ለሁሉም የሚሰጠው ቀይ ሕዋሱ ነው፤ በፕላዝማ ሲሆን ነገሩ ተገልብጦ ለሁሉም የሚሆነው ኤቢ ነው። ባለቤትዎ ግን ቀይ ሕዋስ የሚቀበሉት ከኦ ኔጌቲቭ ብቻ ስለሆነ፣ የሚወልዱበት ሆስፒታል ከወዲሁ ይወቀው። እርስዎ ፖዘቲቭ ስለሆኑ ጽንሱም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ሾተላይ የሚባለውን፣ የእናት ፀረ እንግዳ አካል የጽንሱን ቀይ ሕዋስ የሚያጠቃበትን ችግር ለመከላከል የፀረ ዲ መርፌ (ዲ ዋናው የአርኤች አንቲጂን ነው) በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ሕፃኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ይህን አንስተው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።