ክትፎን ሳይፈቱ ኪሎ መቀነስ፦ ከአራት ኪሎ እስከ መርካቶ ያለኝ ጥቆማ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ዳይት ላይ ነኝ፤ ግን ቅዳሜ ክትፎ ካልበላሁ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም። የት ልሂድ?» አለችኝ። እንደ እሷ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። እኔ በአንድ ዓመት 9 ኪሎ ቀንሻለሁ። አዝጋሚ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ክትፎም ጥብስም አልተውኩም።

መጀመሪያ የከሸፈውን ልንገራችሁ። አንድ ጂም ውስጥ አሠልጣኙ ቅቤ፣ ቀይ ሥጋ፣ እንጀራ፣ ሁሉንም ከለከለኝ። ሦስት ሳምንት በተቀቀለ ዶሮና በሰላጣ ከረምኩ። በአራተኛው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ልጇን ክርስትና አስነሳች። ያን ቀን የበላሁትን እዚህ አልጽፍም። ከዚያ በኋላ ምግብ መከልከሉን ትቼ ቅቤውን መቁጠር ጀመርኩ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው። ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ 4 ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወደ 120 ካሎሪ ይጠጋል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማቃጠል 2 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ መሄድ አለበት። ከአራት ኪሎ ተነስቶ ፒያሳን ትንሽ አለፍ እንደማለት ነው። ለአንድ ማንኪያ! ክትፎ ቤት በጣባ የሚቀርብላችሁ ደግሞ አንድ ማንኪያ ብቻ እንዳልሆነ ከንፈራችሁ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ጥቆማው። ክትፎ ቤቶችን በስም አልጠራም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ከፈረሱ ወዲህ የለመድናቸው ቤቶች ተበታትነዋል። ዛሬ የጠቆምኩት ነገ ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል። የቤቱን ዓይነት ግን ልንገራችሁ። አንዳንዱ ቤት ክትፎውን አስቀድሞ ለውሶ ያስቀምጣል። ሌላው ስታዙ ይለውስላችኋል። ፈልጉ የምለው ሁለተኛውን ነው። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «እህቴ፣ ቅቤውን ለብቻው በስኒ ታመጪልኛለሽ?» እሺ ካለች ቁጭ በሉ። «ተለውሷል» ካለች ሌላ ነገር እዘዙ። ስኒው ሲመጣ ሁለት የሻይ ማንኪያ አፍስሱና የቀረውን መልሱት። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ ጋሼ ስኒውን ስመልስ አይተው «ልጄ፣ አሞሃል?» ብለውኛል። ትችላላችሁ፣ ይለመዳል።

አብሮ ከሚቀርበው ውስጥ አይቡን አትፍሩት። አይብ የሚሠራው ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው አሬራ ነው። ስቡ ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው። እላዩ ላይ ቅቤ ጠብ ካላደረጉበት አይብ ጨምሩልኝ በሉ፤ ያጠግባል። ጎመን ክትፎ ግን ስሙ እንዳያታልላችሁ። ጎመኑ ቅቤውን እንደ ስፖንጅ ነው የሚመጠው። ከቆጮና ከእንጀራም አንዱን ምረጡ፣ ሁለቱን ደራርቦ መብላት የሠርግ ነው።

እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ቤት ውስጥ የሚሠራው ነው። ሰፈራችሁ ያለው ሉካንዳ ሂዱና ጭቅና፣ ወይም ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ፣ ጅማቱ ወጥቶ ለክትፎ ይዘጋጅልኝ በሉ። ለአንድ ሰው 150 ግራም ይበቃል፤ ይሄ ወደ 200 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ሲጨመርበት 320 አካባቢ ይሆናል። ሚጥሚጣና ኮረሪማውን አትሰስቱበት፣ ካሎሪያቸው ከቁጥር አይገባም። የኩሽና ሚዛን መርካቶ እንደ ልብ ነው፤ በባትሪ የሚሠራውን ትንሹን ግዙ። እኔ ከከፈልኩት የጂም ክፍያ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ ለብ ለብ ኮሶን አይገድልም። ጥሬ የምትወዱ ታውቁበታላችሁ፣ እኔ ግን አብስዬ ነው የምበላው።

ቅቤውን ከየት? መርካቶን፣ ሾላ ገበያንና ሱፐርማርኬትን ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። መርካቶ ምርጫው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ያደራድራል። ግን ቅቤ የማያውቅ ሰው ብቻውን እንዲሄድ አልመክርም። እኔ መጀመሪያ ስሄድ አንዱ ጋ ለጋ ነው ተብዬ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ሳነጥረው ድስቱ ሥር የማላውቀው ነጭ ሊጥ ተኛ። እናቴ አይታ «ይሄ ቅቤ ሙዝ በልቷል» አለችኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ግዙ፣ አንጥሩት፣ አተላው ትንሽ ከሆነ ለቀሪው ተመለሱ። ሾላ ገበያ ከመሃል ከተማው ራቅ ይላል፣ ግን ጠዋት ከሄዳችሁ ተረጋግቶ ለማሽተትና ለመቅመስ ይመቻል። እኔ ደንበኛ ያደረግኳቸው እትዬ እዚያ ናቸው። የሱፐርማርኬቱ የታሸገ ቅቤ ንጹሕ ነው፤ ዳቦ ላይ ጥሩ ነው፣ ለክትፎ ግን መዓዛ የለውም። መዓዛ የሌለው ቅቤ ደግሞ ብዙ ያስጨምራል። የእኔ ዘዴ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሳል ቅቤ እገዛለሁ፣ ኮሰረትና ኮረሪማ አብዝቼ አነጥረዋለሁ። ግማሽ ማንኪያው ቤቱን ያውደዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሲነጠር ውሃው ይወጣል፣ ስለዚህ ማንኪያ በማንኪያ የንጥሩ ካሎሪ ከጥሬው ይበልጣል። ልኩን በንጥሩ ያዙ።

ጥብስ የሚወድ ሉካንዳ ያለው ምግብ ቤት ይምረጥ። ሥጋውን ራሳችሁ አይታችሁ ታስቆርጣላችሁ፤ ቀይ በሉ፣ ሻኛ ይቅር በሉ። ደረቅ ጥብስ በሸክላ ሲመጣ ስቡ ሥሩ ይተኛል። ያንን በእንጀራ አትጥረጉት። ወጥ ስትበሉም ከታች ያለውን፣ የራሰውን እንጀራ ተዉት። ጣፋጩ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዘይቱና ቅቤው የተሰበሰበውም እሱ ላይ ነው።

«የዳይት ምግብ» እያሉ ቤት ድረስ የሚያመጡትንስ? ሁለት ሞከርኩ። አንደኛው «ቀላል ክትፎ» ብሎ የላከልኝ ቅቤው በዘይት የተተካ ነበር። ማንኪያ ዘይትም ያው 120 ካሎሪ ነው፣ ጣዕሙ ግን የለም። ሁለተኛው ምግቡ ደህና ነበር፤ ሲደርስ ግን ቀዝቅዞ ቅቤው ረግቷል። ከዚያ ወዲህ አላዘዝኩም።

ጾም ያከሳል የሚለውንም አትመኑ። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ስበላ ቆይቼ ነው የነቃሁት። ሽሮው ላይ ዘይቱ ተንሳፎ ይመጣል፣ ሳምቡሳው በዘይት ተጠብሶ ይጨመራል። አሁን የማዝዘው ክክ አልጫ፣ ጎመንና ቀይ ሥር የሚበዛበትን ነው። ቀይ ሥሩ ሲደጋገም ያሰለቻል።

መጠጥ በአጭሩ፦ ከክትፎ ጋር አምቦ ውሃ። ካሎሪው ዜሮ ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 አካባቢ ስለሆነ ወይ እሱን ወይ የቅቤውን ማንኪያ ምረጡ። እኔ ቅቤውን እመርጣለሁ። ኬክ ካማራችሁ ማኪያቶ ጠጡና ኬኩን ለሁለት ተካፈሉ።

ኮሌስትሮል ወይም ስኳር ያለባችሁ ይሄን ሁሉ ከመሞከራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የእኔ ችግር ቦርጭ ብቻ ነበር።

የቀረኝ ጨጨብሳ ነው። በቅቤም በማርም ሞክሬዋለሁ፣ ቅቤውን ስቀንሰው ደረቅ ቂጣ እየቆረጠምኩ ያለሁ ይመስለኛል። አራት ኪሎ አካባቢ ግማሽ ሰሃን የሚሸጥ ቁርስ ቤት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።