ልጄ ፀጉሯን ስትላጭ «ወንድ ሆንኩ» ብላ አልጋ ስር ገባች፤ ነገ ሰርግ አለብን!

የደሴዋ እናት፦
ኧረ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄን ቆረቆር ይዟት ዛሬ ከሰዓት ራሷን አስላጨኋት። ቤት ስንገባ ወንድሟ አያትና «አንተ! ወንድ ሆንክ!» ብሎ ሳቀባት። በቃ፣ አልጋ ስር ገባች። አልወጣም አለች። «እማዬ፣ ወንድ ሆኛለሁ፣ ነገ አበባ አልይዝም» እያለች ታለቅሳለች። ነገ ሐይቅ የእህቴ ሰርግ ነው፤ ቀሚሷም ተሰፍቷል። መስታወቱን እንዳታይ በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። አባቷ ለሥራ ሎጊያ ነው፣ ብቻዬን ነኝ። «ሴት ነሽ» ብላት አታምነኝም። ምን ልበላት?

ከፒያሳ፦
የሚያምር ሻሽ እሰሪላት። አለቀ።

የጦሳ ሰው፦
እህቴ፣ ዕድሜዋ ስንት ነው? እሱን ሳናውቅ ምንም ማለት አይቻልም።

የደሴዋ እናት፦
ይቅርታ፣ 4 ዓመት ከ2 ወሯ ነው። ወንድሟ 7።

የጦሳ ሰው፦
እንግዲያው አይዞሽ። የሕፃናት አስተዳደግ ስለተማርኩ ትንሽ ላስረዳ። ልጅ መጀመሪያ የሚያውቀው «እኔ» የሚባል ነገር መኖሩን ነው። ሳያውቅ አፍንጫው ላይ ቀለም ቀብተሽ መስታወት ፊት ብታቆሚው፣ ዓመት ያልሞላው መስታወት ውስጥ ካለው ልጅ ጋር ሊጫወት ይሞክራል። ከ18 እስከ 24 ወር ላይ ግን አብዛኞቹ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አፍንጫ ይሰዳሉ። ቢዩላ አምስተርዳም የተባለች ተመራማሪ ይህን በፈረንጆቹ 1972 ጽፋዋለች። ጾታ ከዚያ በኋላ ነው። በ3 ዓመት ገደማ «ሴት ነኝ»፣ «ወንድ ነኝ» ይላሉ። ልብስና ፀጉር ቢቀየርም ጾታ አብሮ እንደማይቀየር የሚገባቸው ግን ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ነው። ሎውረንስ ኮልበርግም በ1966 ይህንኑ ነበር ያስተማረው። ስለዚህ ልጅሽ አልተሞላቀቀችም። ለእሷ ሴትነቷ ያለው ፀጉሯ ላይ ነበር። ፀጉሩ ሲሄድ እሱም አብሮ የሄደ መሰላት። የምር ነው የደነገጠችው።

ከወልዲያ፦
ወንድሜ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ግን ልጅቷ አሁንም አልጋ ስር ናት።

ነርስ ነኝ፦
እኔ ደግሞ ከመላጨቱ ልጀምር። ለምን ተላጨች? ቆረቆር በመላጨት አይድንም። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ነው ያለው። ቅባት ብቻውን አይደርስበትም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

የደሴዋ እናት፦
ጎረቤቶቼ ላጪያት ስላሉኝ ነው። አሁን እባካችሁ መጀመሪያ ትውጣልኝ።

የከሚሴው፦
አብሽሪ እህቴ! ማሻአላህ፣ ወንድምየው እንደ ዳኛ በአንድ ቃል ፈረደባታ! እስቲ ይግባኝ እንበል። የሕፃንነት ፎቶዋን አውጪ። ሁላችንም መላጣ ሆነን አይደል የመጣነው? «ይቺ ማናት?» በያት። «እኔ» ካለች፣ «ፀጉር ነበራት? ያኔ ሴት ነበረች ወይስ ወንድ?» ብለሽ ጠይቂያት። አንቺ አትንገሪያት፣ እሷ ራሷ ትመልስ። የእኔ ልጅ የወንድሟን ሱሪ ለብሳ እንዲሁ ስትጨነቅ ወላሂ በዚህ ነው የረጋችው።

ከባቲ፦
ከላይ እንደተባለው ሻሽ ጥሩ ነው። ቀይ ሻሽ።

ከወልዲያ፦
ሻሹን እሷ ካልጠየቀች አትቸኩሉ። በግድ ከሸፈንሽው «ፀጉር የሌላት ሴት አይደለችም» ያልሻት ነው የሚመስላት። እኔ ትልቁን ነገር የማየው ወንድሟ ላይ ነው። «አንተ» ብሎ ጠራት እኮ! በአማርኛችን ልጅ ገና ጡት ሳይጥል ና፣ ነይ፣ ብላ፣ ብዪ ሲባል ነው የሚያድገው። ወንድ ወይም ሴት መሆኑን በቀን መቶ ጊዜ ይሰማል። አሁኑኑ ሄዶ «ነይ፣ እህቴ» ይበላት። ከሱ አፍ ካልሰማች አታምንም።

ሰኞ ገበያ፦
በዚህ አልስማማም። እኔን ወንዱን እናቴ እስከ ዛሬ «ነይ የኔ ቆንጆ» ትለኛለች። ምንም አልሆንኩም።

ከወልዲያ፦
ያ የፍቅር ነው። ልጅም ይለየዋል። ይሄ እየሳቀ የወረወረባት ነው።

የጦሳ ሰው፦
ደግሞ ይህ የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም። ሳንድራ ቤም የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ነበረች። ወንድ ልጇ የፀጉር ማስያዣ አድርጎ መዋዕለ ሕፃናት ቢሄድ፣ አንዱ ልጅ «ይህን የሚያደርጉት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ሴት ነህ» ብሎ ሙጭጭ አለበት። በዚህ ዕድሜ የሚያዩትን ነው የሚያምኑት።

እማማ ከወግዲ፦
ልጄ፣ እኛ ልጆች ሳለን ሴቷም ትላጭ ነበር። ጋሜ ነበረን፤ አናታችን ተላጭቶ ዙሪያው ይቀራል። ወንዱ ቁንጮ ነበረው። አናቷ ስለተላጨ ወንድ ሆነች ያለ ሰው አልነበረም። ለአያቷ ደውይላት። «እኔም እንዳንቺ ተላጭቼ ነበር» ትበላት። የአያት ቃል ይገባታል። መስታወቱንም ግለጪው ልጄ። ስትሸፍኝው የሚያስፈራ ነገር ያለ ይመስላታል።

የደሴዋ እናት፦
እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገለጥኩት። አያቷ ስልክ አላነሳችም፣ ሰርግ ቤት ናት። ፎቶውን በአልጋው ሥር አቀበልኳት። ዝም ብላ ስታይ ቆየች። «ይቺ ማናት?» ስላት «እኔ» አለች። አሁን በአንድ እጇ ፎቶውን ይዛ በሌላው አናቷን እየዳሰሰች ነው። ወንድሟም በሆዱ ተኝቶ «ነይ» እያላት ነው። ልሂድ።

የከሚሴው፦
አልሐምዱሊላህ! አታጣድፏት። ቀሚሱን ነገ ራሷ ትምረጥ።

ነርስ ነኝ፦
ስትመለሺ ይህን አንብቢ። ከሰርጉ በኋላ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ግሪሶፉልቪን የሚባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ካዘዙላት ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ስጪያት፤ ሰውነት በደንብ የሚቀበለው እንደዚያ ነው። ሳምንታት ይፈጃል፣ ቁስሉ ደረቀ ብለሽ ሐኪሙ ሳይልሽ አታቋርጪ። ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ፎጣ ከማንም ጋር አትጋራ። የሚታሰርላት ሻሽም የራሷ ብቻ ይሁን። የወንድሟንም አናት ዛሬውኑ በብርሃን እዪው።

ከወልዲያ፦
እህቴ፣ ሐይቅ ደረሳችሁ? አበባውን ያዘች?