የፍሬ መቁጠሪያ፦ የትኛው ይበረክታል? እንዴትስ ይያዛል?

ጥያቄ (ጠያቂዋ፣ ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። ከተፈጥሮ ፍሬ ሁለት የጸሎት መቁጠሪያ መሥራት አስቤአለሁ፤ አንዱ ባለ 41፣ ሌላው ባለ 64። ከቆላ የመጣ የቁርቁራ ፍሬ አለኝ። ነገር ግን አንዳንዱ ደርቆ ተሰነጠቀ፣ ከአንዳንዱ ደግሞ ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ፍሬውን ልቀይር? ምን ልቀባው? ክሩስ ምን ይሁን?

ቆለኛው፣ ሸዋ ሮቢት
እህቴ፣ ቁርቁራን አትቀይሪ። ሥጋው ሲለቅ የሚቀረው ጠንካራ ፍሬ ክብ ነው፣ መጠኑም ለጣት ይመቻል። ሌላው የቆላ ዛፍ ፍሬ፣ በደኖም ይበረክታል፤ ግን ሞላላና ትልቅ ነው፣ አንዱ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ቢሆን 64ቱ ሲሰካ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። በደኖን ለአጭር መቁጠሪያ ተይው።

የተሰነጠቀው በጥድፊያ ስለደረቀ ነው። ከቆላ ሙቀት ወጥቶ የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ሲያገኘው፣ ይባስ ብሎ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ላዩ ይኮማተራል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ሥጋውን አንድ ሌሊት ዘፍዝፈሽ በሻካራ ብሩሽ አጽጂው፤ ቅሪት ከኖረ እሱ ራሱ ይሻግታል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያገኝ ሰፌድ ላይ፣ እያገላበጥሽ ሦስት ሳምንት ያህል አቆዪው።

ዱቄቱ የነቀዝ ሥራ ነው። ቀዳዳ ያለውን ለይተሽ ጣይ። የቀረውን በፌስታል አጥብቀሽ አስረሽ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አስቀምጪ። ስታወጪው ፌስታሉን ወዲያው አትፍቺ፤ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቂ፣ አለበለዚያ የቤቱ እርጥበት ፍሬው ላይ ይቋጥራል። ፍሪዘር ከሌለ 10 ደቂቃ ማፍላትም ነቀዙን ይገድላል፤ ማድረቁን ግን ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ።

ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ሁሉ ጣሉ የሚሉ አሉ። ለቁርቁራ አይሠራም፤ ውስጡ ክፍተት ስላለው ጤነኛውም ሊንሳፈፍ ይችላል።

አናጢ፣ ደብረ ብርሃን
ስለ መብሳቱ ልጨምር። አብዛኛው ፍሬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለ1 ሚሊሜትር ክር 1.5 ሚሊሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ) ይበቃል። ፍሬውን በጣት ይዞ መብሳት አይሆንም፤ ከእንጨት ቁራጭ ላይ ለፍሬው ልክ ጎድጓዳ ቦታ ቆፍረሽ በሞርሳ (በብረት መያዣ) አጥብቂ። ከአንዱ ጎን እስከ መሐል፣ ከዚያ ገልብጠሽ ከሌላው ጎን ብሺው። በአንድ ጊዜ ከተሻገርሽ ፑንታው ሲወጣ የፍሬውን ጠርዝ ይዞት ይሄዳል። ድሪሉ በዝግታ ይዙር፤ ፍጥነት ፍሬውን ያቃጥለዋል፣ ቀዳዳውም ይጠቁራል። መሐል ስትደርሺ ድንገት ሰተት ካለ አትደንግጪ፣ ክፍተቱ ነው። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። የቀዳዳውን አፍ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ፤ ክር የሚበጠሰው በአብዛኛው እዚያ ጠርዝ ላይ ተከርክሮ ነው።

ደጅ ጠኚ
ማስጠንቀቂያ፦ ውበቱን አይቶ ጉሎ የሚሰካ አለ። አይሆንም። መርዙ ፍሬው ውስጥ ነው፣ ሲበሳ ቅርፊቱ ይከፈታል። የቆርች ቀይ ፍሬም፣ ያ ቀይ ሆኖ ጥቁር ዓይን ያለው ትንሹ ፍሬም እንደዚያው። መቁጠሪያ ሕፃን አፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ መሆኑን አትርሱ።

ዶቃ ሰኪ፣ አንኮበር
ክሩ የጥጥ አይሁን። ላብ ይጠጣል፣ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ የሚበጠሰውም ሳይታሰብ ነው። ተራ ናይለን ደግሞ ይለጠጥና ፍሬዎቹ ይላላሉ። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት በሰም የተለወሰ ፖሊስተር ይሻላል።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ፍሬው 8 ሚሊሜትር ቢሆን 41ዱ 33 ሴንቲሜትር ገደማ፣ 64ቱ 51 ገደማ ይይዛል። በየመሐሉ ቋጠሮ ካለ ለእያንዳንዱ 3 ሚሊሜትር ደምሪ፤ ባለ 41ዱ ወደ 45፣ ባለ 64ቱ ወደ 70 ይደርሳል። ቋጠሮ ክር ይበላል፤ ስለዚህ ለ41ዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ለ64ቱ ሁለት ሜትር ተኩል ቁረጪ። ቋጠሮውን ሳታጠብቂ መርፌ አስገቢበትና በመርፌው እየገፋሽ ፍሬው ሥር አድርሺው፣ ከዚያ ሳቢ። ግን ጥርስ እስኪያስነክስ አታጥብቂ፤ ፍሬ በጣት ሥር መንቀሳቀሻ ካጣ መቁጠሩ ራሱ ያስቸግራል። መስቀሉና የማያያዣው ፍሬ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። 64ቱ የእመቤታችን ዕድሜ ነውና ለማሳመር ብለሽ አንድ አትጨምሪ።

የኤፍራታ ልጅ
ለሙስበሓም፣ ለሙስሊሞች መቁጠሪያ፣ ይኸው አሠራር ይሠራል። 99 ከሆነ በየ33ቱ መለያ ይገባል፤ መለያውን ከሌላ ፍሬ ብታደርጉት በጨለማም በጣት ይታወቃል። ለቅባቱ ቤት ውስጥ ያለ የኑግ ዘይት ይበቃል።

አናጢ፣ ደብረ ብርሃን
ወንድሜ፣ በኑጉ አልስማማም። ኑግ በግማሽ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፣ አቧራ ይሰበስባል። ተልባ ዘይት ፈጽሞ ይደርቃል። ሁለት ሦስት ጠብታ በጨርቅ፣ ሙሉ በሙሉ ተወልውሎ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ። ጨርቁን ጨምድዳችሁ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ጨርቅ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይም ዘርግታችሁ አድርቁት። ንጹሕ የንብ ሰም ካለ ከሁሉም ይቀላል፤ በእጅ አሙቆ ማሸትና በጨርቅ መወልወል ነው። ቫርኒሽ ግን በጣት ግጭት ይላጣል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፤ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ስሄድ አንገቴ ላይ ልተወው?

ደጅ ጠኚ
ብታወልቂው ይሻላል። ውሃው በቀዳዳው ገብቶ ውስጥ ይተኛል፤ ክሩ ሥር ሻጋታ የሚጀምረው በዚያ ነው። ጸበሉ እንዲነካው ከፈለግሽ አስነክተሽ ወዲያው በጨርቅ አድርቂና ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ስቀይው። ፌስታል ውስጥ አታስገቢ፤ የጥጥ ከረጢት ይሁን። ሽቶና የእጅ ሳኒታይዘርም ሰሙን ያነሡታል። ለጸሎት ከመጀመርሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ ወስደሽ አስባርኪው።

ዶቃ ሰኪ፣ አንኮበር
ክሩን በየዓመቱ ቀይሪ፤ ከቋጠሮው ሥር መሳሳት ከታየ ግን ዓመቱን አትጠብቂ። ሲበጠስ ፍሬ ይጠፋልና ከአሁኑ አምስት ስድስት የተበሳ ትርፍ ፍሬ አስቀምጪ።