ወንበር ያጠፋል ወይ?

ጥያቄ አብዢ፦
ትናንት ማታ አንድ የሶሲዮሎጂ መግቢያ ንግግር በድምፅ ተቀድቶ ደረሰኝና እስከ መጨረሻው አዳመጥሁት። ከአድማጮቹ አንዷ ተነሥታ «ባልደረባችን ሳለ ደግ የነበረ ሰው፣ አለቃ በሆነ በስድስት ወሩ የበታቾቹን በሰው ፊት የሚያዋርደው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ተናጋሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥፋቱ የወንበሩ ነው። ሌላ ሰው ብታስቀምጡበትም ያው ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በአንድ የሥራ መደብ ላይ ሦስት አለቆች ተፈራርቀውብኛል። አንዱ ጨካኝ፣ አንዷ ጨዋ፣ ሦስተኛው መኖሩም አለመኖሩም የማይታወቅ። ወንበሩ ግን ያው ነው፤ ጨርቁ እንኳ አልተቀየረም። ይህ ትምህርት ለበዳይ ሁሉ ነጻ የሚያወጣ ወረቀት ማደል አይደለም?

ጠመኔ፦
አይደለም። ደረጃንና ሚናን አደባልቀህ ነው የተናደድኸው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ራልፍ ሊንተን እ.ኤ.አ. በ1936 ለይቶ አስቀምጦታል፤ ደረጃ የመብትና የግዴታ ጥቅል ነው፣ ሚና ደግሞ ያ ጥቅል በሥራ ላይ ሲውል። ሦስቱ አለቆችህ ሚናውን በየራሳቸው መንገድ ተጫውተውታል፤ ይህን የካደ የለም። እኔ የምጠይቅህ ስለ ራስህ ነው። የሦስቱንም በር አላንኳኳህም? ሲናገሩ ታቋርጣቸው ነበር? በማያስቀው ቀልዳቸው አልሳቅህም? ለጨካኙም ለጨዋዋም አጎንብሰህ ከሆነ፣ ያጎነበስኸው ለሰው ሳይሆን ለወንበሩ ነው።

ጥያቄ አብዢ፦
በር ማንኳኳት ጥፋት ነው እንዴ? ሰውየው «ልማዱ የወንበሩ ነው» ቢል ኖሮ ተኝቼ አድር ነበር። ያለው «ጥፋቱ» ነው። ጥፋት አጥፊ ይፈልጋል። ወንበር መደገፊያ እንጂ ኅሊና የለውም።

አሸዋ፦
ጎበዝ! የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1987 ለአንድ የሴቶች መጽሔት ስትናገር ማኅበረሰብ የሚባል ነገር የለም፣ ያሉት ወንዶችና ሴቶች፣ ቤተሰቦችም ናቸው ብላ ነበር። በፖለቲካዋ አልስማማም፤ በዚህ ግን አልተሳሳተችም። ከሰው በላይ ሆኖ ሰውን ይመራል፣ ማኅበራዊ መዋቅር ነው የምትሉትን አንድ ቀን አምጡትና ልጨብጠው። ጠመኔ፣ አንቺ ስታስተምሪ የኖርሽው ስለ ጥላ ነው።

ቅንፍ፦
አሸዋ፣ ከማያውቋቸው መምህርት ጋር ሲነጋገሩ «እርስዎ» ይባላል።

ጠመኔ፦
«አንቺ» ይበለኝ፤ አልቀየምም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴትዮዋ ግለሰብ ብቻ አለ ካለች በኋላ ቤተሰብን በጓሮ በር አስገብታለች። ቤተሰብ ምንድን ነው? ሶሲዮሎጂስቱ ቻርልስ ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያ ደረጃ ቡድን ብሎ ከጠራቸው ውስጥ ግንባር ቀደሙ ነው፤ ፊት ለፊት የሚገናኙበት፣ «እኛ» የሚባልበት። ልጨብጠው ላልኸኝ ደግሞ ፈረንሳዊውን ሶሲዮሎጂስት ኤሚል ዱርካይምን ልጥቀስልህ። ሰው ብቻውን ከሚፈጽመው ሁሉ ብቸኛ የሚመስለው ራስን ማጥፋት ነው። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናት ቁጥሩ በየአገሩ ከዓመት ዓመት ብዙም እንደማይዋዥቅ፣ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ከካቶሊኮች እንደሚበልጥ አሳየ። ሟቾቹ ተመካክረው ነው?

አሸዋ፦
ቁጥሩን የጻፈው ማነው? ሟች ራሱ አልመዘገበም። ሶሲዮሎጂስቱ ጃክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1967 የሞገተው ይህንኑ ነው። አሟሟቱን የሚወስን ባለሥልጣን አለ፣ ነውሩን የሚሸፋፍን ዘመድ አለ፤ ካቶሊኮች ዘንድ መሸፋፈኑ ይበረታል። መዋቅር ያላችሁት የጸሐፊዎች ብዕር ሆኖ ተገኘ። አየሽ፣ ግለሰቡም በጓሮ በር ገባ።

ጠመኔ፦
ዘመድ ለምን ይሸፋፍናል? ነውር ስለሆነ። ነውሩን ማን ሠራው? አንዱ ዘመድ ብቻውን?

የማታ ተማሪ፦
ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን ላቋርጥ። ነገ ፈተና አለብኝ። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ቡድን ናቸው ወይስ አይደሉም?

ጠመኔ፦
አይደሉም። አንድ ቦታ የተገኙ ሰዎች ክምችት ናቸው። መላጦች ሁሉ ደግሞ ባይገናኙም አንድ ምድብ ናቸው። ቡድን ለመባል መስተጋብርና የ«እኛ» ስሜት ያስፈልጋል።

ጥያቄ አብዢ፦
አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ ሲዘገይስ? አንዱ ሰዓቱን አይቶ ይተነፍሳል፣ ሌላዋ «ዛሬም?» ትላለች፣ ሦስተኛው «እኛን ማን ሰው ብሎን!» ይላል። «እኛ» ተባለ እኮ! ዘግይቶ የደረሰ ሰው ሰልፉን አልፎ ሊገባ ሲል በአንድ ድምፅ ይመልሱታል። መምህርት፣ ቡድኑ በዐሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ተወለደ በሉና ልጁን አሳልፉት።

የማታ ተማሪ፦
ታዲያ የትኛውን ልጻፍ?

ሦስተኛ ወገን፦
የመጀመሪያውን ጻፍ፤ አራሚዋ እንደ ጠመኔ ያለች ናት።
ወደ ወንበሩ እንመለስ። አሸዋ «ያሉት ግለሰቦች ብቻ ናቸው» ይላል። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1948 ያነሣውን የባንክ ምሳሌ ውሰድ። ባንኩ ጤነኛ ነው። ሊከስር ነው የሚል ወሬ ይነፍሳል። እያንዳንዱ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ይሮጣል፤ ሌሎቹ ከሮጡ እርሱም ቢሮጥ ሞኝ አይባልም። በማግስቱ ባንኩ ከሰረ፤ ውሸቱ እውነት ሆነ። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? አንድ ሰው ስጠኝ።

አሸዋ፦
የተሰለፉት ሁሉ፤ እያንዳንዱ በገዛ እግሩ።

ሦስተኛ ወገን፦
በገዛ እግሩ መሄዱማ የታወቀ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ያየው ግን በጎረቤቱ እግር ነው።

ቅንፍ፦
የስታንፎርድን ሙከራ ማንም አለማንሣቱ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የማስመሰያ እስር ቤት አቋቁመው ጤነኛ ወጣቶችን ጠባቂና እስረኛ ብለው ከፈሏቸው፤ ለሁለት ሳምንት የታሰበው በስድስት ቀን ተቋረጠ። ወንበር ያጠፋል። አለቀ።

ጥያቄ አብዢ፦
አላለቀም። በሙከራው የድምፅ ቅጂ ላይ ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ገር የሆነውን ጠባቂ ጠንከር እንዲል ሲገፋፋው ይሰማል። ሙከራውን የመራው የሥነ ልቦና ምሁር ፊሊፕ ዚምባርዶ ራሱ የእስር ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። በእርሱው ዘገባም ቢሆን ጠባቂዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ለእስረኞቹ የሚራሩ ነበሩባቸው። ወንበሩ ብቻውን አላጠፋም፤ ጎትጓች ነበረው።

ጠመኔ፦
በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ፤ እኔም ያን ሙከራ ማስተማር ትቻለሁ። ግን የገፋፋውም ሰው ወንበር ነበረው።

አሸዋ፦
ወንበር በወንበር ላይ እየደረደሩ ወዴት ነው የሚወጡት?

ቅንፍ፦
«የሚወጡት» አለ! ተመስገን፣ «እርስዎ» ጀመረ።

አሸዋ፦
አልጀመርሁም። ሁሉንም በአንድ ላይ ነው ያልሁት።

ጠመኔ፦
ተዉት እባካችሁ። ይልቅ አሸዋ ዛሬ ቤቱ ይግባና እኅቱን «እርስዎ» ይበላት፤ ውኃ ለመጠጣትም ፈቃድ ይጠይቃት። ሶሲዮሎጂስቱ ሃሮልድ ጋርፊንክል ተማሪዎቹን ያሠራቸው ይህንኑ ነበር፤ በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ ተከራይ ሆነው ይቆዩ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ግራ ተጋቡ፣ ተቆጡ፣ አሞሃል ወይ አሉ። ሕጉን ማንም ጽፎት አያውቅም፤ ሲጣስ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ልጨብጠው ያልኸው እርሱ ነው።

አሸዋ፦
እኅቴ ትስቃለች።

ጠመኔ፦
እስከ ስንት ቀን?

ሦስተኛ ወገን፦
ጥያቄ አብዢ፣ አንድ ነገር ደብቀኸናል። ሦስቱ አለቆች ሄደዋል። ዛሬ የተቀመጠው ማነው?

ጥያቄ አብዢ፦
ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?

ሦስተኛ ወገን፦
ማነው?

ጥያቄ አብዢ፦
እኔ ነኝ። አራት ወር ሆነኝ።

ቅንፍ፦
እንቅልፍ የነሣህ ታዲያ ንግግሩ ነው ወይስ ወንበሩ?

አሸዋ፦
እሰይ! እንዲያውም የተቀመጠበት ሰው ምስክርነት ይበልጣል። ንገራቸው፣ ተለወጥህ?

ጥያቄ አብዢ፦
ማንንም በሰው ፊት አላዋረድሁም። አንኳኩተው እንዳይገቡ ነገርኋቸው፤ በሩን ክፍት አደረግሁት።

ጠመኔ፦
ገቡ?

ጥያቄ አብዢ፦
ክፍቱን በር ቀስ አድርገው ያንኳኩታል።

ጠመኔ፦
እኔ ምንም አልጨምርም።

ጥያቄ አብዢ፦
አይጨምሩ! ማንኳኳታቸው እኔን አጥፊ አያደርገኝም። ነገ ተነሥቼ አንዱን ብሰድብ ሰዳቢው እኔ ነኝ፤ ወንበሩን ጠርቼ ምስክር አላቆመውም። ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ቅንፍ፦
በቀልድህስ ይስቃሉ?

ጥያቄ አብዢ፦
ቀልዴ ድሮም ያስቃል።

ቅንፍ፦
ድሮ እኛ አልሳቅንበትም።

የማታ ተማሪ፦
አሁን ግራ ገባኝ። ወንበሩ ደረጃ ነው ወይስ ሚና?

ጠመኔ፦
ደረጃ።

ሦስተኛ ወገን፦
ክፍት በር የሚያንኳኳ እስካለ ድረስ ሚናም ነው።

የማታ ተማሪ፦
ከሁለት አንዱን ብቻ ነው የሚያስመርጠው።